በውሃ ዳር ስለሚሠራ ሕንጻና በውሃ ውስጥ ስለሚኖሩ እንስሳት

ሀገር በልማት እንድትገፋ የሚሻ ሰው ሁሉ መንገድ ሲቀየስ፣ ድልድይ ሲዘረጋ፣ ሕንጻም ሲቆም ባየ ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ደስታውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሥራው ከመጀመሩ አስቀድሞ በዚያ ስፍራ ማን ይኖር እንደ ነበረ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ልማድ ነው። በየብስ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢቀር ባለርስቱ መጥቶ ይጠይቀዋል፤ በውሃ ዳር የሚሠራው ግን የውሃው ነዋሪ አፍ የለውምና ከሳሽ አያገኘውም። ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ይኸው አፍ የሌለው ነዋሪ ነው።

ቢሾፍቱ የሐይቅ ከተማ ናት። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴ፣ ኪሎሌ የሚባሉት ሐይቆች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተዋቸው ጉድጓዶች የተጠራቀሙ ውሃዎች ናቸው። ዳርቻቸው ለዓይን ያማረ፣ አየሩም ለጤና የተስማማ ስለ ሆነ ባለሀብቱ ወደ ውሃው ተጠግቶ ሆቴልና መዝናኛ ለመሥራት ይሽቀዳደማል። በጥር ወር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከከተማዪቱ አጠገብ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የታላቁ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል፤ ሥራው በሙሉ ሲፈጸም በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኞች እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ይህን ያህል እንግዳ የሚቀበል ሀገር ማደሪያ ያሻዋል፤ ማደሪያም የሚሠራው ሰው ዕረፍት በሚያገኝበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የሕንጻው ሥራ በቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ብቻ ሳይወሰን በሞጆ በኩል ወደ ቆቃ፣ ከዚያም በመቂ አልፎ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ከተማ፣ እንዲሁም ወደ ላንጋኖ እንደሚወርድ አስቀድሞ መገመት አያስቸግርም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚዘረጋውም ፈጣን መንገድ በዚሁ አቅጣጫ የሚወስድ ነው።

በውሃ ዳር ሲሠራ በውሃ ውስጥ ለሚኖረው እንስሳ ማሰብ እንደሚገባ በዓለም ብዙ የተመከረበት ስፍራ የባሕር ጠረፍ ነው። በባሕር ውስጥ ዓሣ ያልሆኑ፣ ነገር ግን እንደ ላምና እንደ ፈረስ ወልደው ጡት የሚያጠቡ፣ አየርም ለመሳብ ወደ ላይ የሚወጡ እንስሳት አሉ። ዓሣ ነባሪ፣ ዶልፊን፣ አቆስጣ፣ በቀይ ባሕር ውስጥም ሣር እየጋጠ የሚኖረው ዱጎንግ የተባለው የባሕር ላም ከእነዚህ ወገን ናቸው። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትምና ይህ ነገር ለእኛ ምን ይሠራልናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልሳችን ሁለት ነው። አንደኛው፥ በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ከመርከብ ወርዶ የመጣ ነውና የባሕሩ ሥራ ከእኛ ኑሮ የተለየ አይደለም። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ይኸውም በእኛ ሐይቆችና ወንዞች ውስጥ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመድ የሆነ አንድ ታላቅ እንስሳ ስለሚኖር ነው። እርሱም ጉማሬ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ይደነቅ ይሆናል። ጉማሬን ያየ ሁሉ ከእሪያ ወይም ከፈረስ ወገን ይመስለዋል፤ የአውሮፓ ሰዎችም በግሪክ ቋንቋ የወንዝ ፈረስ ብለው ሰይመውታል። የዛሬ ሊቃውንት ግን የእንስሳትን ደምና የትውልድ ምልክት መርምረው፣ ከምድርም የተቈፈረውን አጥንት አስተያይተው፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የሚቀርበው ጉማሬ መሆኑን አረጋግጠዋል። በመጽሐፈ ኢዮብ ብሔሞት ተብሎ የተጠቀሰውን አውሬ ብዙ ተርጓሚዎች ጉማሬ ነው ማለታቸውን ካህናቶቻችን ያውቃሉ። በሀገራችንም የቈዳው አለንጋ የታወቀ ነው፤ በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦም በጉማሬ አደን ስማቸው የተጠራ ነበር። እንግዲህ ጉማሬ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቢሾፍቱ ሐይቆች አይገኝም፤ ወደ ቆቃና ወደ ዝዋይ የወረደ ሰው ግን ያገኘዋል፤ በሐዋሳ፣ በጫሞ፣ በጣናና በአባይ፣ በአዋሽም ወንዝ ይኖራል።

አሁን ወደ ባሕሩ ተመልሰን የውጭ ሀገር ሰዎች ምን እንደ ተማሩ እንመልከት። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ በውሃ ውስጥ ግን 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ኀይሉም ቶሎ አይደክምም። በባሕር ውስጥ ወደብ ወይም በነፋስ የሚዞር የኤሌክትሪክ መኪና ለመትከል ታላላቅ የብረት ምሰሶዎች በመዶሻ ወደ ባሕሩ ወለል ሲመቱ፣ ከላይ የቆመው ሠራተኛ ጆሮውን ሸፍኖ ሥራውን ይቀጥላል፤ በውሃው ውስጥ ያለው እንስሳ ግን መሸሸጊያ የለውም። በሰሜን ባሕር በዴንማርክ ጠረፍ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ከዶልፊን ጋር የሚዛመደው ትንሽ እንስሳ እስከ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ስፍራውን ለቆ እንደ ሄደ ተመዝግቧል።

ስለዚህ ሥርዓት አወጡ። በእንግሊዝ ሀገር ምሰሶ ከመመታቱ በፊት የሠለጠነ ተመልካች ቢያንስ ለሠላሳ ደቂቃ ባሕሩን ይቃኛል፤ በ500 ሜትር ክልል ውስጥ እንስሳ ከታየ ሥራው አይጀመርም። ሲጀመርም መዶሻው በአንድ ጊዜ በሙሉ ኀይሉ አይመታም፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያህል ከቀስታ እየተነሣ ይበረታል፤ ይህም እንስሳው ሰምቶ እንዲርቅ ጊዜ ለመስጠት ነው። በጀርመን ሀገር ደግሞ ድምፁ በ750 ሜትር ርቀት በውሃ ውስጥ ሲለካ ከ160 ዴሲቤል እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ይህንም ለመጠበቅ በምሰሶው ዙሪያ ከባሕሩ ወለል አየር እየነፉ የአረፋ መጋረጃ ያቆማሉ፤ አረፋውም ድምፁን ያበርደዋል። እነዚህ ሀገሮች ሥራቸውን አልተዉም፤ ምሰሶውንም ተክለዋል፤ ነገር ግን ተጠንቅቀው ተከሉ።

ከዚህ ሥርዓት የምንማረው ብዙ ነው፤ ሆኖም እንዳለ ገልብጠን ብንወስደው እንሳሳታለን። የባሕሩ ሥርዓት የቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ይኸውም ባሕሩ ሰፊ መሆኑ ነው። ቀስ ብሎ የሚጀመረው መዶሻ እንስሳውን ሂድልኝ ይለዋል፤ እንስሳውም ይሄዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳል። ሐይቅ ግን እንደ ተዘጋ ቤት ነው። ዝዋይ ሐይቅ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ከዘጠኝ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ከዚህም ሁሉ ውሃ ለጉማሬ የሚስማማው የዳርቻው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በአንዱ ዳር መኪና ሲጮኽበት ወደ ሌላው ዳር ቢሸሽ በዚያ እርሻ ያገኘዋል፤ ከዚያ ቢሸሽ ከተማ ያገኘዋል። ከባሕር እንስሳ ጋር የተደረገው ውል ጊዜ እንስጥህና ራቅ የሚል ነው፤ ከሐይቅ እንስሳ ጋር የምናደርገው ውል ግን ስፍራ እንተውልህና ተቀመጥ የሚል ካልሆነ በቀር ውል ሊባል አይችልም። የዛሬው ነገራችን ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ የጉማሬን ጠባይ ብናውቅ ይገለጥልናል። ጉማሬ እንደ ዓሣ የሚዋኝ እንስሳ አይደለም፤ እግሩ የውሃውን ወለል እየረገጠ የሚሄድ ነው። ስለዚህ የሚሻው ጥልቁን ሳይሆን ቀስ እያለ የሚዘቀዝቀውን ዳርቻ ነው። ቈዳው በፀሐይ ሲመታ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ ቀኑን በውሃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ አርባ ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል፤ ሳይነጋም ይመለሳል። የሚወጣበትና የሚገባበት መንገድ በብዙ ዘመን የተረገጠ የታወቀ ጐዳና ነው። እንስቲቱ ስምንት ወር ያህል አርግዛ አንድ ግልገል ብቻ ትወልዳለች፤ የምትወልደውም በውሃው ውስጥ ወይም በጥልቀት የለሹ ዳርቻ ከመንጋው ተለይታ ነው። ድምፁንም በአንድ ጊዜ በአየርና በውሃ ውስጥ እንደሚያሰማ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ እንግዲህ በውሃ ውስጥ የሚሰማ ጆሮ አለው ማለት ነው።

ይህ ከሆነ ጉማሬን ለማጥፋት ጦር መወርወር ወይም ጠመንጃ መተኰስ አያስፈልግም። በዳርቻው ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ማቆም ይበቃል፤ ግንቡን መውጣት አይችልምና። በመውጫ ጐዳናው ላይ አጥር ማጠር ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ብርቱ መብራት ወደ ውሃው ማብራት ይበቃል፤ ጨለማን ጠብቆ የሚወጣ እንስሳ ነውና። ለሲሚንቶ ሥራ አሸዋውን ከዳር መዛቅ፣ ጥልቀት የለሹንም ስፍራ በአፈር መድፈን ይበቃል፤ የምትወልድበት ስፍራ ይጠፋልና። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሥራ ተቋራጭ አንድ ጉማሬ ገድለሃል ቢባል በእውነት አልገደልሁም ብሎ ይምላል። ጥፋቱም ከባድ የሚሆነው ስለዚህ ነው፤ ገዳይ ሳይኖር ሟች ይኖራልና።

ነገሩም በጉማሬ ብቻ አያበቃም፤ ወደ ሰው ይመለሳል። ጉማሬ ብርቱና ቍጡ እንስሳ ነው፤ በአፍሪካ ሀገሮች ብዙ ሰው ይገድላል። በሐይቁ ዳር በቆሎና አትክልት የሚያመርተው ገበሬ፣ በጀልባ ወጥቶ ቆሮሶ የሚያጠምደው ዓሣ አጥማጅ አደጋውን ያውቁታል፤ ጉማሬ ይጠበቅ የሚል ሰው የእነርሱን ችግር ቢንቅ ፍርዱ ትክክል አይሆንም። ነገር ግን የተለመደው የግጦሽ መንገዱ በሕንጻ የተዘጋበት ጉማሬ በረሃብ አይተኛም፤ በሌላ ስፍራ ወጥቶ ማሳ ውስጥ ይገባል። ገበሬው ሌሊት ሊጠብቅ ይወጣል፤ ሁለቱም በጨለማ ይገናኛሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው አቤቱታ ለወረዳው ሹም ነው፤ ሹሙም የጉማሬውን መገደል እንዲፈቅድ ይለመናል። እንግዲህ ግንቡን የሠራው ባለሀብት በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ሲዝናና፣ ዕዳውን የሚከፍለው ከእርሱ ርቆ የሚኖር ድኻ ገበሬ ይሆናል። ሹማምንቶቻችን የሕንጻ ፈቃድ ሲሰጡ ይህን የሩቁን ሰው ማሰብ ይገባቸዋል።

ጉማሬ ለውሃውም ያገለግላል። ሌሊት የጋጠውን ሣር ቀን በውሃ ውስጥ ይጥለዋልና ከየብስ ወደ ውሃ ምግብ የሚያሻግር ነው። በኬንያና በታንዛኒያ መካከል በሚፈስሰው በማራ ወንዝ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 የታተመ ምርመራ ጉማሬዎቹ በየቀኑ 0.4 ቶን ያህል ሲሊካ የተባለውን ማዕድን ወደ ወንዙ እንደሚያስገቡ አሳይቷል፤ ይህም ማዕድን በውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ረቂቃን አልጌዎች ምግብ ነው፤ አልጌዎቹም ለሌሎች የውሃ ፍጥረታት ምግብ ይሆናሉ። ሆኖም በዚያው ወንዝ ውሃው ሲያንስና ፋንድያው በአንድ ስፍራ ሲጠራቀም አየሩ ከውሃው ተሟጥጦ ዓሣዎች እንደሚሞቱ ደግሞ ታውቋል። እንግዲህ ያው እንስሳ ውሃው ሲበቃ መጋቢ፣ ውሃው ሲጐድል በካይ ይሆናል። በዝዋይ ዳር ለአበባና ለአትክልት እርሻ፣ ለከተማም መጠጥ ውሃ የሚቀዳ ስለ ሆነ ጉማሬን የመጠበቅ ነገር ውሃውን ከመጠበቅ ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም።

በውሃ ላይ የሚደረግ ሥራ እንዴት ያለ ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ወደ ሩቅ ሀገር መሄድ አያሻንም፤ የቢሾፍቱ ጎረቤት ኪሎሌ ይበቃናል። ኪሎሌ ጨዋማ ሐይቅ ነበረ፤ ውሃውም ስፒሩሊና በተባለው አልጌ የለመለመ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ለመስኖ ሲባል የሞጆ ወንዝ ውሃ በቦይ ተጠልፎ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ተደረገ። ከዚህ በኋላ የውሃው ጨው ሟሟ፤ ስፒሩሊናውም ጠፋ፤ በስፍራው ሌሎች ዓይነቶች ገቡበት። የቦዩ ዓላማ ለገበሬው ውሃ ለማድረስ ነበረና አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሺህ ዓመት ቆይቶ የተመሠረተ የሐይቅ ጠባይ በአንድ ቦይ በጥቂት ዓመታት እንደሚለወጥ ከዚህ እንረዳለን።

ደግሞም ሥራ ሁሉ ያጠፋል ብለን ብንናገር እውነትን አንናገርም። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ አዋሽን ባገደ ጊዜ አስቀድሞ ያልነበረ ሰፊ ሐይቅ ተፈጠረ፤ ዛሬ በዚያ ሐይቅ ጉማሬና አዞ፣ ብዙ ዓይነትም ወፍ ይኖራሉ። ሰው የሠራው ውሃ ለእንስሳት ማደሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ልዩነቱ ዳርቻው ክፍት በመሆኑ ነው። ግድቡ በአንድ በኩል ውሃውን ቢዘጋም ዙሪያው ሁሉ በግንብ አልታጠረም። ዛሬ ግን ቆቃ ደለል እየሞላው ነው፤ ከእርሻ በተጨማሪ ሕንጻ ከዳር እስከ ዳር ቢከበው በአያቶቻችን ዘመን የተገኘው ማደሪያ በልጆቻችን ዘመን ይዘጋል።

የዘገየ ሰው ምን እንደሚያገኘው ከቻይና ሀገር እንማር። በያንግትዜ ወንዝ ባይጂ የሚባል ነጭ ዶልፊን ይኖር ነበር። ዋነኛው ጠላቱ የዓሣ መረብና መንጠቆ ቢሆንም የመርከብ ብዛት፣ የግድብ ሥራና የውሃው መበከል ተጨምረውበት ቍጥሩ እያነሰ ሄደ። በሕግ ጥበቃ ነበረው፤ ጥበቃው ግን በወረቀት ላይ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 መጨረሻ ብዙ ሊቃውንት በመርከብ ተሳፍረው ስድስት ሳምንት ያህል ወንዙን ሲመረምሩ አንድም ባይጂ አላገኙም። የቻይና መንግሥት ከዚህ ተምሮ በ2021 በወንዙ ላይ የዐሥር ዓመት የዓሣ ማጥመድ ክልከላ አወጀ፤ በዚያው ወንዝ የቀረው ሌላው አጥቢ እንስሳ በ2017 በተደረገው ቈጠራ 1,012 የነበረው በ2022 ወደ 1,249 ከፍ ማለቱ ተነግሯል። እንግዲህ አንዱ ዘግይቶ የታሰበለት ጠፋ፤ ሌላው በጊዜው የታሰበለት በረከተ። ጉማሬም በመላው አፍሪካ የቀረው ከ115,000 እስከ 130,000 እንደሚሆን በ2016 ተገምቷል፤ ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳትም ተራ ተመዝግቧል።

በሀገራችን ሕግ ጐድሎናል ለማለት አንችልም። የዱር አራዊትን ስለ መጠበቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 አዋጅ ቁጥር 61 ወጥቶ ነበር። በዛሬው ጊዜ ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ሳይፈቀድለት እንዳይጀመር ያዝዛል፤ ፈቃድ የሚሰጠውም መሥሪያ ቤት ይህ መደረጉን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ይከለክላል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ም አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ የውሃ ዳርቻ ወሰን እንዲከለልና በዚያ ክልል ዛፍ መመንጠርና መኖሪያ ቤት መሥራት እንዲከለከል ሥልጣን ይሰጣል። የሚጐድለው በአዋጁና በአካፋው መካከል የሚቆም ሰው ነው። ግምገማው ከሥራው በኋላ ለመዝገብ ያህል የሚጻፍ ከሆነ፣ ወይም ሐይቁን ሳያይ በአዲስ አበባ በጠረጴዛ ላይ የሚሞላ ከሆነ፣ ከባዶ ወረቀት የሚለየው በማኅተሙ ብቻ ነው።

ስለዚህ በስምጥ ሸለቆው ሐይቆችና በአዋሽ ዳር የሚሠራ ሥራ ሁሉ አምስት ነገሮችን ቢጠብቅ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፥ የሕንጻው ንድፍ ከመነሣቱ በፊት በበጋም በክረምትም ቈጠራ ይደረግ፤ ቈጣሪውም የቀን መንጋውን ብቻ ሳይሆን የሌሊት ዱካውንና የመውጫ ጐዳናውን በካርታ ላይ ያስፍር፤ ዓሣ አጥማጆችንና ሽማግሌዎችንም ይጠይቅ፤ እነርሱ በአንድ ቀን የሚናገሩትን እንግዳ ሊቅ በአንድ ዓመት አያገኘውምና። ሁለተኛ፥ ሕንጻው ከውሃው ይራቅ፤ ዳርቻውም በተከታታይ ግንብ አይታጠር፤ ጐዳናው ባለበት ስፍራ የሚዘቀዝቅ የአፈር መውጫ ይቅር። ሦስተኛ፥ ምሰሶ መምታትና ድንጋይ ማፈንዳት ግድ ከሆነ እንደ ባሕሩ ሥርዓት ከቀስታ ይጀመር፤ ውሃው በጐደለበትና መንጋው በአንድ ስፍራ በተጨናነቀበት ወራት አይደረግ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራው ይቁም፤ መብራትም ወደ ውሃው አይዙር።

አራተኛ፥ በሥራው ስፍራ አንድ ተመልካች ይሾም፤ ይህም ሰው ሥራውን ለማቆም ሥልጣን ይኑረው፤ ደመወዙም ከሥራ ተቋራጩ እጅ አይሁን፤ እንጀራውን ከሚሰጠው ሰው ጋር የሚከራከር ጥቂት ነውና። አምስተኛ፥ ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ይግባ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ቈጠራው ይደገም፤ መንጋው ቀንሶ ቢገኝ ምክንያቱ ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ሥራን ያዘገያል፣ ወጪንም ያበዛል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፥ ጥቂት ያዘገያል፤ ጥቂትም ያስወጣል። ነገር ግን ንድፍ በወረቀት ላይ ሳለ መስመሩን ሃምሳ ክንድ ወደ ኋላ መሳብ የሚፈጀው ቀለም ነው፤ የቆመውን ግንብ ማፍረስ ግን ሀብት ይፈጃል። ደግሞ ወደ ሐይቁ ዳር የሚመጣው እንግዳ የሚመጣው ሐይቁን ለማየት ነው። ግንብ ለማየት ቢሻ ከከተማው ባልወጣም ነበር። ውሃው ነዋሪ የሌለበት ጉድጓድ ከሆነ በኋላ የመዝናኛው ዋጋ ራሱ ይወድቃል። እንግዲህ እንስሳውን መጠበቅ የባለሀብቱም ጥቅም ነው።

ለካህናቶቻችንም የምንለው አለን። በዝዋይ ደሴቶች ላይ ገዳማት አሉ፤ ከእነርሱም በደብረ ጽዮን ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጊዜ ተሸሽጋ እንደ ቆየች በትውፊት ይነገራል። መነኮሳቱና ጉማሬው ከአንድ ውሃ እየጠጡ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ደግሞም በየስፍራው ለጥምቀተ ባሕር የተለየ የውሃ ዳር አለ፤ በዓመት አንድ ቀን ቢያገለግልም ባዶ መሬት ነው ተብሎ ለግል እንዳይታጠር አባቶች ሲከራከሩለት ኖረዋል። በቢሾፍቱም በሆራ አርሰዲ ሕዝብ የእሬቻን በዓል የሚያከብረው የሐይቁ ዳር ክፍት ሆኖ በመቆየቱ ነው። ይህ ልማድ ትልቅ ትምህርት አለበት፤ ሁልጊዜ ሰው የማይታይበት ዳርቻ ባለቤት የለውም ማለት እንዳልሆነ ያስተምራልና። ሌሊት ብቻ የሚመጣው እንስሳም እንዲሁ ባለመንገድ ነው። ካህናት በዐውደ ምሕረት ላይ ይህን ቢያስረዱ ከብዙ ደብዳቤ ይልቅ ይሰማል።

ሥራው ይሠራ፤ ማረፊያውም ይታነጽ፤ እንግዳውም ይምጣ። ይህን የሚጠላ የለም። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሕንጻ ፈቃድ የሚፈርመው ሹም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ ቀን ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ ወደዚያው የውሃ ዳር ሄዶ ማን ከውሃው እንደሚወጣና በየት በኩል እንደሚሄድ ይመልከት። ያየውን መንገድ በካርታው ላይ አስምሮ ይህ ይቅር ብሎ ቢጽፍበት፣ ያች አንዲት መስመር ለጉማሬው ማደሪያ፣ ለገበሬውም ሰላም፣ ለሐይቁም ዕድሜ ትሆናለች።